ሁለት ጊዜ የሠራኋት ተሳቢ

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ሥራዬ ትራክ መንዳት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የምተኛው ከመሪው ጀርባ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ ነው። «የዕቃ መጫኛ ተሳቢ፣ ካርጎ ትሬለር ገዝቼ መኝታ ያለው ካምፐር ላደርገው ነው» ያልኳት ቀን ባለቤቴ እንዴት እንደሳቀች አልረሳውም። «ሳምንቱን ሙሉ ሣጥን ውስጥ መተኛትህ አልበቃህም? ቅዳሜና እሁድ ደግሞ እኛንም ሣጥን ውስጥ ልትከተን ነው?»

እውነቷን ነው። ግን እኔም ምክንያት ነበረኝ። ጁላይ 4 ሰሞን የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር በየዓመቱ ከተማ ይቀያይራል። በዚያ ሳምንት ሆቴል የያዘ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ልጃችን ደግሞ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተራራ፣ ወንዝ፣ ድንኳን ከተባለ እንቅልፍ የለውም። አንዴ ድንኳን ሞክረን ሌሊት በረዶ ጣለብን። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ «ሁለተኛ መሬት ላይ አልተኛም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ተሠርቶ የሚሸጥ ካምፐር ዋጋ ጠይቄ ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እናም ባዶ ካርጎ ትሬለር ገዛሁ። ሠራሁት። ከዚያ አፈረስኩትና እንደገና ሠራሁት። ይህን የምጽፈው እናንተ አንዴ ብቻ ሠርታችሁ እንድትገላገሉ ነው። የመጀመሪያው ጥፋቴ ቤት የምሠራ መስሎኝ መጀመሬ ነበር።

የገዛሁት ስፋቱ 6፣ ርዝመቱ 12 ጫማ የሆነ፣ ባለ አንድ አክስል (አንድ የጎማ ዘንግ ያለው) ያገለገለ ትሬለር ነው። 3,200 ዶላር ከፈልኩ። አሮጌ ስትገዙ በሩን ዘግታችሁ ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቁሙ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ውሃም ያስገባል። ወለሉን በተረከዛችሁ ርገጡት፣ በተለይ ማዕዘኖቹን። ልል ካለ ተዉት። ከሥር ተኝታችሁ ዝገቱን እዩ። ጎማው ጎን ላይ የተመረተበት ጊዜ በአራት አሃዝ ተጽፏል። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የትሬለር ጎማ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሞታል። የእኔዎቹ ጥርሳቸው አዲስ ይመስል ነበር። ቁጥሩን ሳየው ስምንት ዓመት ሞልቷቸዋል። ሁለቱንም ቀየርኩ።

«ስድስት ጫማ» የሚለው ነገር ጉድ ሠርቶኛል። 6 ጫማ 183 ሴንቲ ነው፣ እኔ 180 ነኝ። አልጋውን በአግድሙ አድርጌ፣ ወረቀት ላይ ስዬ፣ እንጨቱን ሁሉ ገዝቼ ጨርሻለሁ። ሜትር ይዤ ስገባ ውስጡ 5 ጫማ ከ8 ኢንች ሆኖ አገኘሁት፤ 173 ሴንቲ። ለካ 6 ጫማ የሚባለው የውጭው ነው። ስለዚህ አልጋው ወደ ርዝመቱ ዞረ፣ ሥዕሌም ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ገባ። ቁመቱንም እንዲሁ ለኩ። በብዙዎቹ የውስጡ ቁመት 6 ጫማ ገደማ ነው። ጣሪያውን ስታለብሱት ደግሞ ይቀንሳል፣ እንደ እኔ ረዘም ያላችሁ ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትኖሩት። የእኔ 6 ጫማ ከ6 ኢንች ሆኖ ተገኘ። ዕድል ነው እንጂ አስቤበት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ክብደት።

ትሬለሩ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ አለች። የእኔዋ 2,990 ፓውንድ ትላለች። ከነጭነቱ ከዚያ ማለፍ የለበትም ማለት ነው። ለምን 3,000 አልሆነም ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ በብዙ ስቴቶች 3,000 ላይ ሲደርስ ትሬለሩ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ፋብሪካዎቹ አሥር ፓውንድ ቀንሰው ያመልጣሉ። የእኔው ባዶውን 1,350 ይመዝናል። ስለዚህ ለእንጨቱም፣ ለውሃውም፣ ለልብሱም፣ ለምኑም የቀረኝ 1,640 ፓውንድ ነው። ያን ጊዜ ብዙ መስሎኝ ነበር።

ሰፈራችን አንድ ጋሼ አሉ። አዲስ አበባ እያሉ የታወቁ አናጢ ነበሩ። ምክር ፈልጌ ጠራኋቸው። መጡ፣ ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ባለ 3/4 ኢንቹን ኮምፖርሳቶ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት። «ልጄ፣ ይሄ የሚቆም ነው ወይስ የሚሄድ?» አሉኝ። «የሚሄድ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲያውስ የቁም ሣጥን እንጨት ምን ይሠራለታል?» ስቄ አለፍኩ። እሳቸውም ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ።

አንድ 4 በ8 ጫማ የሆነ ባለ 3/4 ኢንች ኮምፖርሳቶ ከ60 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። እኔ የላይና የታች ካቢኔት፣ መሳቢያ፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ ሁሉንም በእሱ ሠራሁ። ኋላ በኩል ወጥ ቤቱን አደረግኩ። ሥሩ 25 ጋሎን የሚይዝ የውሃ ታንክ ከተትኩ። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ነው፤ ታንኩ ሲሞላ ብቻውን ከ200 ያልፋል። እያንዳንዳቸው 65 ፓውንድ የሆኑ ሁለት ሊድ አሲድ ባትሪዎችም እዚያው ኋላ ገቡ። ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር። ፎቶ ያላየ ዘመድ የለኝም።

ለሙከራ ብዬ ብቻዬን በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ወጣሁ። ሊመን ከተማ ሳልደርስ ሜዳው ላይ የጎን ነፋስ መታኝ። በመስታወቱ ሳይ ትሬለሩ ጭራውን ይቆላል። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። በሦስተኛው የምትጎትተውን መኪናዬን ሃይላንደሯንም ይዟት መወዛወዝ ጀመረ። እኔ 80,000 ፓውንድ እየነዳሁ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። እንደዚያ ቀን ግን እጄ አልቦ አያውቅም። እግሬን ከነዳጁ ላይ አነሳሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ፍሬን ሳልነካ ፍጥነቱ በራሱ እስኪወርድ ጠበቅኩ። እንዲህ ሲያደርጋችሁ ፍሬን መርገጥ ወይም መሪ እየጠመዘዙ ላስተካክል ማለት ያባብሰዋል። ትሬለሩ የራሱ ፍሬን ካለውና መቆጣጠሪያው እጃችሁ ሥር ካለ የእሱን ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ያዙ። የእኔ ያኔ አልነበረውም። በማግስቱ አዘዝኩ።

ከዚያ ወዲያው ሚዛን ላይ ወጣሁ። ትራክ ስቶፖች ላይ ያለውን ካት ስኬል እኛ የትራክ ሰዎች በየቀኑ እንወጣበታለን። ለትንሽ ትሬለርም ያገለግላል፣ ዋጋውም አሥራ ምናምን ዶላር ነው። ሁለት ጊዜ መዝኑ። መጀመሪያ ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ፣ የትሬለሩ ጎማ ለብቻው አንዱ ሰሌዳ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ። ቀጥሎ ትሬለሩን ፈትታችሁ በራሱ እግር አቁሙትና መኪናችሁን አውርዱ። የሁለቱ ልዩነት የመጎተቻው ምላስ፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የትሬለሩ የፊት ዘንግ፣ መኪናው ላይ የሚጥለው ክብደት ነው። ይህን ስታደርጉ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ ማታ ይሁን። ከኋላችሁ አምስት ትራክ ተሰልፎ ትሬለር ስትፈቱ የምትሰሙትን ስድብ እኔ አልጽፈውም።

የእኔ ውጤት ይኸው። ጠቅላላ 2,780፣ ምላሱ ላይ 170። ስድስት በመቶ ብቻ ነው። መሆን ያለበት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ከአክስሉ ኋላ የከመርኩት ወጥ ቤት፣ ውሃና ባትሪ አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቶታል። ጭራ የሚያስቆላውም ይኸው ነው። ጋሼ በቃላቸው የነገሩኝን ሚዛኑ በቁጥር ነገረኝ።

ማፍረስ ከመሥራት ይፈጥናል፤ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ካቢኔቱን አወጣሁ። በቦታው ቀጭን እንጨት በፍሬም፣ ከፊቱ በመዝጊያ ፈንታ ጨርቅ ሆነ። የላይኛውን ካቢኔት ጨርሶ ተውኩት። ታንኩ ቀርቶ ባለ 5 ጋሎን ሁለት ጀሪካን ገባ። ጀሪካን አይሰበርም፣ ፓምፕ አይፈልግም፣ ክረምት ላይ ቧንቧው ቀዘቀዘ ብላችሁ አትጨነቁም። ሁለቱ ባትሪዎች ወጥተው 28 ፓውንድ የምትመዝን አንዲት ሊቲየም ገባች፣ እሷም አፍንጫው ውስጥ። እንደገና ስመዝን 2,310፣ ምላሱ 290 መጣ። በሊመን ሜዳ ላይ ያው ነፋስ መታኝ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ነገር ንቅንቅ አላለም።

ማፍረሱ ሌላም ነገር አሳየኝ፤ ከግድግዳው በስተጀርባ ያለውን።

ከማፍረሴ በፊት የመጀመሪያዋን ሌሊት ያደርነው ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ነው፣ እዚሁ አውሮራ አጠገብ፣ ከቤታችን ብዙም አይርቅም። የመጀመሪያ አዳራችሁን ቅርብ አድርጉት፤ የረሳችሁትን ሮጣችሁ ታመጣላችሁ። ኦክቶበር ነበር። ብርድ ስለነበር ትንሿን የፕሮፔን ማሞቂያ ለኩሰን ሞቀን፣ አጥፍተን ተኛን። ሊነጋ ሲል ልጄ «አባ፣ ዝናብ እየገባ ነው» ብሎ ቀሰቀሰኝ። ወጥቼ ሳይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ ሁሉ ይታያል። ዝናቡ ከራሳችን ነው። የሦስት ሰው ትንፋሽ ከጣሪያው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል።

ያላወቅኩት ነገር ይህ ነው። ፕሮፔን ሲነድ ውሃ ይወልዳል። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ነዶ 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ እንፋሎት ሆኖ አየር ውስጥ ይገባል። ጭስ ማውጫ የሌላት ማሞቂያ ያን ሁሉ የምትለቀው እናንተው የተኛችሁበት ክፍል ውስጥ ነው። ማሞቅ ብቻ ሳይሆን ማጠብም ነው።

ሲፈርስ ደግሞ ግድግዳው የሜዳ አህያ መስሎ አገኘሁት። በየ16 ኢንቹ ጥቁር የእርጥበት መስመር ወደ ታች ወርዷል። መስመሩ የብረት ቋሚዎቹ ያሉበት ቦታ ነው። መጀመሪያ ስሠራ በቋሚዎቹ መሐል ብርድ የሚከላከል 1 ኢንች ፎም ጠቅጥቄ፣ ኮምፖርሳቶውን በቀጥታ ብረቱ ላይ አስሬ ነበር። ፎሙ ሥራውን ሠርቷል። ብረቱ ግን የውጭውን ብርድ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፣ እንጨቱም እዚያው ላይ ያልበዋል። በሁለተኛው ዙር ከቋሚዎቹ በላይ ግድግዳውን በሙሉ በግማሽ ኢንች ፎም አለበስኩት፣ መጋጠሚያውን ሁሉ በአሉሚኒየም ቴፕ ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፖርሳቶው የተመለሰው። ከሁለቱም ጎን ተደምሮ አንድ ኢንች ስፋት አጣሁ። አልጸጸትበትም።

መስኮት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ውፍረት ቁርጥ አድርጋችሁ እወቁ። የካምፐር መስኮት የውጭና የውስጥ ቀለበት አለው፣ ግድግዳውን መሐል ላይ ነክሶ ነው የሚይዘው። የእኔው ለአንድ ተኩል ኢንች ግድግዳ የተሠራ ነበር፣ ግማሽ ኢንች ፎም ስጨምር ብሎኖቹ አልደርስ አሉ። ዙሪያውን እንጨት ስፍቅ ዋልኩ።

ጣሪያ መብሳት ሁሉም ሰው የሚፈራው ነገር ነው። እኔም ፈርቼ ሦስት ሳምንት አሳልፌዋለሁ። የማራገቢያው ቀዳዳ 14 በ14 ኢንች ነው። የጣሪያው ብረቶች የት እንዳሉ በማግኔት ፈልጉ፣ በመሐላቸው ምልክት አድርጉ፣ ማዕዘኖቹን በትራፓኖ ብሱ፣ ከዚያ በጂግሶ ቀስ ብላችሁ ቁረጡ። አሥር ጊዜ ለክቶ አንዴ መቁረጥ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ከሥሩ የእንጨት ፍሬም አስገቡበት፣ ብሎኑ የሚነክሰው እሱን ነው። በጠርዙ ሥር የቢውታይል ቴፕ (የሚጣበቅ የጎማ ማሸጊያ)፣ ከላይ ለካምፐር ጣሪያ ተብሎ የሚሸጠው በራሱ የሚደላደል ማሸጊያ። ሲሊከን ግን አትጠቀሙ። ያን ዕለት ይይዛል፤ ሲሰነጠቅ ግን ቅሪቱ ላይ ሌላ ማሸጊያ ስለማይጣበቅ ፍቆ ማውጣቱ ፍዳ ነው።

ማራገቢያው ብቻውን ዋጋ የለውም። አየር መውጫ ካለው መግቢያም ይፈልጋል። ማታ ማራገቢያውን በዝቅተኛው አድርገን ከወዲያኛው ጥግ ያለውን መስኮት ሁለት ጣት እንከፍታለን። «ብርድ ታስገባለህ» የሚል አይጠፋም። እርጥብ ፍራሽ ላይ ከመተኛት ይሻላል። ለሙቀቱ አሁን በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያ አስገብቻለሁ፣ በትራኮቹ አልጋ ክፍል ያለው ዓይነት። ለእሳቱ አየር የሚስበው ከውጭ ነው፣ ጭሱም የሚወጣው ወደ ውጭ ነው፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ደረቅ ሙቀት ብቻ ነው። ኮሎራዶ ላላችሁ ግን አንድ ነገር። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማሞቂያው ጥላሸት ይሞላል፣ ስለዚህ ለከፍታ የሚስተካከለውን ዓይነት ግዙ።

ስለ ከሰል ሳልናገር ባልፍ ይቅር አልልም ለራሴ። አንድ ማታ ውጭ ነፋስ ሆነ። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበር። «ነዶ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው፣ ጭስ የለውም» ብላ ማንደጃዋን ወደ ውስጥ አስገባቻት። በሩን ዘጋን። ጠረኑ ደስ ይላል፣ ሙቀቱ ደስ ይላል። ብዙም ሳይቆይ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ማስጠንቀቂያ ጩኸቱን አቀለጠው። ልጄን ብድግ አድርጌ ወጣሁ። ሀገር ቤት «የከሰል ጭስ ገደላቸው» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? የሚገድለው ግን ጭሱ አይደለም፤ የማይታየውና የማይሸተው ጋዝ ነው፣ እሱ ደግሞ ከጠራው ፍምም ይወጣል። ማስጠንቀቂያው 25 ዶላር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀበናዋ ውጭ፣ በጋዝ ምድጃ ላይ ነው የምትጣደው። ዕጣንም ውጭ ነው። የፕሮፔን ማስጠንቀቂያ ከገዛችሁ ግን ከወለሉ አጠገብ ስቀሉት፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ነው የሚተኛው። እሳት ማጥፊያው በሩ አጠገብ ይሁን።

በሩም ሌላ ጉድ አለው። ካርጎ ትሬለር ሰው ይገባበታል ተብሎ አልተሠራም። መቀርቀሪያው ውጭ ነው፣ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ የብረት ዘንግ። አንድ ቀን ውስጥ ሆኜ ሽቦ ስዘረጋ ልጄ ለጨዋታ ከውጭ ሸጎረብኝ። ይስቃል። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ልክፈተው ብዬ ስገፋ ከውስጥ የሚያዝ ምንም ነገር የለም። ልጁ መልሶ መክፈቱ አቃተው። ስልኬ መኪና ውስጥ ነው። ባለቤቴ ከቤት እስክትወጣ አሥር ደቂቃ ያህል ነው የቆየሁት፣ ለእኔ ግን ሌሊት ነው የመሰለኝ። በማግስቱ የጎን በሩን መዝጊያ ከውስጥም ከውጭም በሚከፈት የካምፐር መዝጊያ ቀየርኩት። አልጋው አጠገብ ያለው መስኮትም ሰው የሚያሾልክና ከነፍሬሙ ወደ ውጭ የሚገፋ ዓይነት ነው። አንዱ መውጫ እሳት ላይ ከሆነ ሌላው ያስፈልጋችኋል።

ኤሌክትሪኩ እንደሚወራው አይከብድም፣ ግን ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም 1,280 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል፣ ሊጠቀሙበትም የሚቻለው ሙሉውን ማለት ይቻላል። ሊድ አሲዱን ግን ከግማሽ በታች ካወረዳችሁት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ ያንን ሁሉ ክብደት ተሸክማችሁ የምትጠቀሙበት ግማሹን ነው። ጣሪያው ላይ 200 ዋት ሶላር አለን። ለመብራት፣ ለስልክ፣ ለማራገቢያና ለትንሽ ፍሪጅ ይበቃል። ባለቤቴ «የእንጀራ መጋገሪያዬንስ?» ብላ ጠይቃኛለች። እዚህ ብዙዎቻችን የምንጋግርበት የኖርዌጂያኖቹ ቂጣ መጋገሪያ 1,400 ዋት ገደማ ይወስዳል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ጠፋ ማለት ነው፣ ልክ እንደ ሀገር ቤት። እንጀራው ቤት ተጋግሮ ይመጣል።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ፣ ሽቦው ብዙ ሳይሄድ፣ ዋና ፊውዝ ይግባ። ሽቦ በንዝረት ተፍቆ ብረት ሲነካ እሳት የሚያስነሳው ፊውዝ ሲያጣ ነው። ሁለተኛ፣ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ይበላሻል። የእኔዋ ስትቀዘቅዝ ራሷ ቻርጁን የምታቋርጥ ናት፣ የምታድረውም ከእኛው ጋር ውስጥ ነው።

ፍሪጁም ቢሆን ከመንገድ ስንቅ አያስጥልም። አባቶቻችን በበቅሎ ሲጓዙ ፍሪጅ አልነበራቸውም። ቋንጣ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ ሁሉም ለዚህ የተሠራ ነው። ፍልሰታ ኦገስት ላይ ስለሚውል በዚያ ሰሞን ስንወጣ ሽሮና ምስር ይዘን ፍሪጁን እናጠፋዋለን። ስለ ሽንት ቤቱ ብዙ አልልም። ተንቀሳቃሽ ነው፣ መጋረጃ አለው፣ ማን ይደፋል የሚለው ገና አልተፈታም።

ጠቅላላ 7,900 ዶላር ወጥቶብኛል። ከዚህ 1,400 ያህሉ ፈርሶ የተጣለው ነው። ሥራዬ መንዳት ባይሆንም ኖሮ ፍሬኑን አስገባ ነበር፣ ከገንዘቡ ሁሉ ደስ ብሎኝ ያወጣሁት እሱን ነው።

በጁን መጀመሪያ ግሬት ሳንድ ዱንስ ወደሚባለው የአሸዋ ኮረብታ ፓርክ ሄድን። በ285 አውራ ጎዳና ስትወጡ የኬኖሻ መተላለፊያ 10,000 ጫማ ላይ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ። ሞተሩ ከፍታ ላይ ጉልበቱ ይደክማል፣ በቀኝ መስመር ቀስ ማለት ነው። ቁልቁለቱን ማርሽ ቀንሱ፣ ፍሬን ላይ ተኝታችሁ አትውረዱ። አዲስ ጎማ ካሰራችሁ ከመጀመሪያዎቹ 50 ማይል በኋላ ቁማችሁ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ። እኔ ፌርፕሌይ ስደርስ ቆሜ የመጎተቻውን መቆለፊያ፣ ሰንሰለቱን፣ መብራቱን አየሁ። የጎማውን ማዕከል በእጄ ዳበስኩት። ለብ ብሏል። እጅ የሚያቃጥል ቢሆን ኖሮ ኩሽኔታው ግራሶ ፈልጓል ማለት ነው።

አሸዋው ከ220 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ከሥሩ በጸደይ ማብቂያ ሰሞን ቀጭን ወንዝ ይወርዳል። ልጄ እዚያ ውሃ ውስጥ ሲንከባለል ዋለና ማታ እራቱን ሳይጨርስ ተኛ። ቦታው 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሌሊቱም እንደዚያው ይበርዳል። ማሞቂያውን አብርተን፣ ማራገቢያውን በዝቅተኛው አድርገን፣ መስኮቱን ሁለት ጣት ከፍተን ተኛን።

ሊነጋ ሲል ነቃሁ። ከአልጋዬ ሳልወርድ እጄን ዘርግቼ ግድግዳውን ብረቱ ባለበት ከላይ እስከ ታች ዳበስኩት። ወደ ቀጣዩ ብረት ሄድኩ። ከዚያ ጣሪያውን። እጄ ደርቆ ተመለሰ። ባለቤቴ በብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ግድግዳ ስትዳብስ ልትውል ነው ወይስ ውጭ ወጥተህ ውሃ ትጥዳለህ?»